ከእህሉ ጋር የተኛው ሙሽራ

ቃለ ሕይወትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት የተደፈነ የመድኃኒት መርጫ ጫፍ አፉ ውስጥ ከቶ ሲነፋ ነው።

«አውጣው! ከአፍህ አውጣው!»

ጩኸቴ ጣና ዳር ባለው የሽንኩርት ማሳ ሁሉ ተሰማ። ደንግጦ አወጣው።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«የግብርና ባለሙያ ነኝ። የምትነፋው እኮ መርዝ ነው!»

«ሲደፈንብኝ ሁልጊዜ የማደርገው እንዲህ ነው...»

«በል አሁኑኑ ተጉመጥመጥ! በሳሙና ታጠብ!»

እንደታዘዘ ታጠበ። ቀና ብሎ ውኃው ከጢሙ እየተንጠባጠበ ፈገግ አለልኝ። ያኔ ነው ያለቀልኝ!

ትንቢት እባላለሁ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ የሐይቁ ዳር ገበሬዎች ከፀረ ተባይ መድኃኒት ራሳቸውን እንዲጠብቁ ማስተማር ነው። ምላሴ ስለታም እንደሆነ አውቃለሁ። ቃለ ሕይወት ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ነው። በአዘቦት ቀን ሽንኩርቱን ይኮተኩታል፤ በበዓል ማኅሌት ይቆማል። በስልክ «እንዴት ዋልሽ?» ሲለኝ እንኳ ድምፁ ሆዴን ያባባዋል። ዓመት ሳይሞላን ሽማግሌ ላከ፤ አባቴም እሺ አሉ።

እንቅፋቱ እኔው ነበርኩ።

ከመታጨቴ በፊት በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ አንዲት እናት ውኃ የቀዱበትን ባዶ የመድኃኒት ጀሪካን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። «በዚህ የምታጠጣ እናት ልጆቿን ትወዳለች ትላላችሁ?» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ባለ ጀሪካኗ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። እትየ ፅጌ ማርያም ነበሩ፤ የቃለ ሕይወት እናት። ማን መሆናቸውን ካወቅኩ በኋላም «እውነት ነው የተናገርኩት» ብዬ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ይባስ ብዬ ሠርጋችን ሲቃረብ ቤታቸው ሄጄ መርዝ ፍለጋ ጓዳቸውን ጣሳ በጣሳ ፈተሽኩ። ለጠላ የተገዛው በቆሎ ነቀዝ እንደገባበት አይቼ «ምንም መድኃኒት እንዳያደርጉበት!» ብዬ ወጣሁ። ታዲያ ምን ይደረግ? እሱን አልነገርኳቸውም። በማግስቱ ቃለ ሕይወት ደወለ።

«እናቴን በገዛ ቤቷ ሌባ አደረግሻት።»

«መርዝ ቤት ውስጥ ይቀመጥ ነው የምትለኝ?»

«እሱን አላልሁም... ትንሽ ተዪኝ ትንቢት።»

ስልኩን ዘጋው።

ሁለት ቀን ዝም አለኝ። ሦስተኛው ቀን አስተርእዮ ማርያም ነበር። ከረፋዱ ጀምሮ ብደውል፣ ብደውል አያነሳም። ተወኝ ብዬ አለቀስኩ። በመጨረሻ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ እናቱ ጋ ደወልኩ።

«እትየ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው። ቃለ ሕይወትም ስልክ አላነሣ አለኝ።»

«ተኝቷል» አሉኝ ቀዝቀዝ ብለው። «ማኅሌት ቁሞ ነው ያደረው። እኔ ቤተ ክርስቲያን ዝክር ላይ ነኝ። ሰው እንዳይቀሰቅሰው መስኮቱን ዘግቸ፣ በሩንም ከውጭ ቆልፌበት መጣሁ።»

«የት ነው የተኛው?»

«ጓዳ ነዋ። ጸጥ ያለው እሱ ነው።»

«እትየ... በቆሎው ላይ የነቀዝ ክኒን አደረጉበት?»

ከዝክሩ ሰው ራቅ ሲሉ ተሰማኝ።

«እትየ! በማርያም!»

«ዛሬ ጧት... ጥቂት ነው። ብነግርሽ ትጮኺብኛለሽ ብየ ፈራሁ...»

የነቀዝ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ነቀዝና ሰው አይለይም።

«ይሩጡ! በሩን ይክፈቱ! እርስዎ ግን እንዳይገቡ!»

ሞተር ሳይክሌ ላይ ዘለልኩ። መንገዱ አላልቅ አለኝ። ቅድም ተቆጥቶኝ ነው ብዬ ያለቀስኩት ሴትዮ፣ አሁን «ጌታዬ፣ ተቆጥቶ ይሁን! ጠልቶኝ ይሁን!» እያልኩ እለምን ነበር።

ስደርስ እትየ ፅጌ ማርያም በባዶ እግራቸው በሩ ላይ ናቸው። ጎረቤታቸው አለበልም ሮጦ መጥቷል። ቁልፉ ቀዳዳውን አላገኝ ብሏቸዋል። ነጥቄ ከፈትኩት።

የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ወጣ። ቃለ ሕይወት ደፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ከጓዳ እስከዚያ በደረቱ ተስቦ፣ ከንፈሩን በበሩ ሥር ካለችው ክፍተት ላይ አስጠግቷል። ጣቶቹ በሩን ሲቧጥጡ ደምተዋል።

ትንፋሻችንን ይዘን እኔና አለበል ወደ ነፋሱ ጎትተን አወጣነው። እናቱ መስኮቱን ልክፈት ብለው ሊገቡ ሲሉ በወገባቸው ያዝኳቸው።

«ልቀቂኝ!»

«አልለቅዎም! እርስዎም ከወደቁ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?»

ደረቱ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ልቡ አለች... ግን ትዘላለች፣ ትቆማለች።

ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሙ አልዋሸንም። «ይህ ጋዝ ማርከሻ የለውም። ልቡን እየደገፍን እንጠብቃለን» አለን።

እኔና እናቱ ሁለት ቀን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም እንነሳለን፤ ማናችንም ለመጠየቅ አንደፍርም።

«በገዛ እጄ ገደልሁት» አሉ እትየ ፅጌ ማርያም።

«እኔ ነኝ እንጂ» አልኩ። «እርስዎ እኔን ፈርተው ነው የደበቁኝ። ሰው እንዳይሞት ነበር የምጮኸው... ጩኸቴ ግን ሊገድለው ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እጄን ያዙ።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ «ግቡ» አለችን። ዓይኖቹ ተከፍተዋል።

«ትንቢት...» አለኝ። ያ የማኅሌት ድምፅ ሹክሹክታ ሆኗል። «ስትደውዪ ስልኩ ሲጮህ ሰማሁት። የቀሰቀሰኝ እሱ ነው። ላነሣው ብል እጄ አልታዘዘኝም... እንደምትመጪ ግን አውቄ ነበር።»

ግንባሩን ሳምኩትና አለቀስኩ።

ሠርጉ ተራዝሞ ከፋሲካ በኋላ በተክሊል ተጋባን። ድምፁ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ አሁን ማኅሌቱን የሚቆመው ከኋላ ሆኖ ነው። እኔም ዛሬ ድረስ ሲተኛ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

በቀደም ከሥራ ስገባ እትየ ፅጌ ማርያም ግቢው መሐል ቆመው ይጠብቁኛል። ጎረቤት ለሽንኩርቱ ብላ የሰጠቻቸው ጽሑፍ የሌለበት ጠርሙስ ርቆ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ነይማ» አሉኝ። «ይኸን አላወቅሁትም። ሳልነካው ልጠይቅሽ ብየ ነው።»

አልጮኽኩም። ቦርሳዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ሄድኩ።