ነጠላ ነገር የማይወደው ሰው

ይህ ታሪክ እውነት ነው። የምታምኑ እመኑ፣ የማታምኑ እለፉት። ለማሳመን ጊዜም ጉልበትም የለኝም።

አሁን የምጽፍላችሁ እህቴ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ መስታወት ፊት ቁጭ ብዬ ነው። እህቴ ወደ ቤቴ የምመለስበትን ታክሲ ልትጠራ ወጥታለች። እስክትመለስ ያለኝ ጊዜ ይህ ብቻ ነው።

ከፊቴ፣ በርጩማ ላይ፣ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ግማሹ ተጎንጉኗል፣ ግማሹ ተበትኗል።

ልጄ ናት ብዬ መጻፍ ነበረብኝ...

እጄ እምቢ አለኝ።

ነገሩ የሆነው ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጠራራ ፀሐይ! መብራት አልጠፋም፣ ነፋስ አላፏጨም፣ ውሻ አላላዘነም። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

ከመነሻው ልንገራችሁ።

የምንኖረው ባሌና ታላቅ ወንድሙ ከእናታቸው በወረሱት ቤት ነው። ረጅም ኮሪደር ቤቱን መሃል ለመሃል ይከፍለዋል። በግራ በኩል እኛ፣ በቀኝ በኩል እሱ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ የጋራ ሳሎን። ግማሹ የሱ ስለሆነ ውጣ ማለት አይቻልም። ቢቻል ኖሮ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጥለት ነበር።

ፊት ለፊት "ጋሼ" እለዋለሁ፣ አንቱ እያልኩ። በሆዴ ግን ስሙ ሚሊሜትር ነው።

ሚሊሜትር ሴራሚክ አንጣፊ ነበር። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል፣ እውነትም ነው። ግን ባለቀ ወለል ላይ የፀጉር ክር የምታህል ጥመት ካየ ሙሉውን አንስቶ እንደገና ያነጥፋል። ሰዎቹ ዕቃቸውን አስገብተው፣ አልጋቸውን ዘርግተው፣ እሱ መዶሻ ይዞ ከች! በመጨረሻ የሚያሠራው ሰው ጠፋ። ቤት ተቀመጠና የልጆች መጫወቻ ጀመረ።

እነዚያን እርስ በርስ የሚሰካኩ የፕላስቲክ ጡቦች ታውቋቸው የለ? ልጆች ሶፋ ሥር የሚበትኗቸውን? በባዶ እግር ሲረግጧቸው ነፍስ የሚያወጡትን?

እነሱን።

እሱ ግን አይጫወትም። ለብ ባለ ውሃ አንድ በአንድ ያጥባቸዋል። በፎጣ ያደርቃቸዋል። የጣት አሻራ እንዳያርፍባቸው በወረንጦ ነው የሚያነሳቸው። ነጩን ከነጭ ይለያል፤ ለኔ ሁሉም አንድ ነው፣ እሱ "ይሄ ገርጥቷል" ብሎ ይጥለዋል። ጡቦቹ አናት ላይ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ሁሉ ወደ አንድ ወገን መዞር አለበት። ሌላ ጡብ ተሰክቶበት ማንም የማያየውም ጭምር! ሠርቶ ሲጨርስ የወለል ሚዛን ይለካበት የነበረውን የድሮ ውሃ ልኩን አምጥቶ ላዩ ላይ ያስቀምጣል። ውስጡ ያለችው አረፋ መሃል ላይ ካልቆመች... በቃ። ከመሠረቱ ያፈርሰዋል።

ደግሞ የሚሠራው ሁሉ ግራና ቀኙ እኩል ነው። መሃሉ ላይ ክር ይወጥርና በዚህ አንድ፣ በዚያ አንድ። ጥንድ የሌለው ጡብ ካገኘ በወረንጦ አንስቶ ቆሻሻ ውስጥ ይጨምረዋል።

"ነጠላ ነገር አልወድም" ይላል። "ነጠላ ነገር አይቆምም።"

"ተይው እባክሽ፣ ማንን ነካ?" ይለኛል ባሌ።

ማንንም አልነካም ነበር። ሚጣን እስኪያገኛት ድረስ።

ሚጣ ልጄ ናት። አንድ ልጄ። ከሷ በኋላ ሐኪሞቹ ሌላ እንደማልወልድ ነግረውኛል። ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ስነካ ውዬ እቤት ስገባ የሷን ስጎነጉን ነው ድካሜ የሚወጣልኝ። ጭንቅላቷን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ከግራ ጆሮዋ ጀርባ፣ ፀጉሯ ውስጥ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለች። ዳዴ ስትል የበር ጠርዝ መትቷት ነው። እዚያ ጋ ስደርስ ሁሌ "ቀስ!" ትለኛለች።

ከትምህርት ቤት በግማሽ ቀን ትመለሳለች። እኔ ሥራ፣ አባቷ ሥራ። ከአጎቷ ሌላ የሚጠብቃት አልነበረም። መጀመሪያ ጠረጴዛው ሥር ትቀመጥ ነበር። ከዚያ ጠረጴዛው ጎን። ከዚያ ወረንጦ ያዘች።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ጫማዋን በሥርዓት ማስቀመጥ ጀመረች። ከዚያ የኔንም፣ የአባቷንም፣ የእንግዳውንም። ዳቦ መሃል ለመሃል ካልተቆረጠላት አትበላም። አንዱ ጉንጉን ከሌላው ትንሽ ከወፈረ እሪ ትላለች።

አንድ ቀን እየጎነጎንኳት...

"እማዬ።"

"ወዬ።"

"እኔ ለምን አንድ ብቻ ሆንኩ?"

"እህት አማረሽ እንዴ?"

"እህት አይደለም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሌላ እኔ።"

ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ምኑ ነው ያሳቀኝ?

በዚያው ሰሞን ሳህን ሳጥብ ሚሊሜትር ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

"የልጅቷ ግራ ጆሮ ጀርባ ያለው ምንድን ነው?"

ጠባሳዋን ፀጉሯ ይሸፍናታል። አባቷ እንኳ ረስቷታል።

"ማን ነገርዎት?"

"አንድ ጎን ብቻ ነው" አለ። "ልክ አይደለም።"

"ጋሼ፣ ልጄ ሴራሚክ አይደለችም!"

"ብቻዋን ናት።" እያዘነ ነው የሚናገረው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ብቻውን የሆነ ነገር አይቆምልሽም።"

ይህን ለኔ! ሌላ አትወልጂም ለተባልኩት ሴት! ለባሌ ስነግረው "አንቺ ደግሞ ነገር ትፈልጊያለሽ" ብሎ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ሥራ ተጀመረ።

የኛ ቤት።

ኮሪደሩ፣ በሮቹ፣ የተሰነጠቀችው የደረጃችን ጠርዝ ሳትቀር። በግራ በኩል የሚጣ መስኮት አለ። መስኮቱ ላይ ሁለት ጉንጉን ያላት ትንሽዬ የፕላስቲክ ሰው ቆማለች። በቀኝ በኩል የሱ ክፍል መስኮት አለ። ባዶ ነው።

"እዚህስ ማን ይገባል?" አልኩት።

"ገና ነው" አለኝ።

ከትናንት በስቲያ ሻወር ሲገባ የመኝታ ክፍሉን በር ገፋ አደረግኩት።

አልጋው የለም። በቦታው የልጅ አልጋ ተዘርግቷል። የሚጣ ዓይነት ብርድ ልብስ፣ የሚጣ ዓይነት መጋረጃ። ሚጣ ግድግዳዋ ላይ የለጠፈችው የቤትና የፀሐይ ሥዕል እዚህም አለ። ፀሐይዋ ግን በወዲያኛው ጥግ ናት። ሁሉም ነገር የሷ ክፍል ነው... ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ።

ትራሱ መሃል ላይ የትንሽ ጭንቅላት ያህል ጎድጎድ ብሏል።

እጄን አሳረፍኩበት።

ይሞቃል።

ሮጬ ሚጣን ፈለግኳት። ግቢ ውስጥ ከአባቷ ጋር ናት፣ ከቆዩም ቆይተዋል። ለባሌ ነገርኩት። "ለልጅቷ የቀን ማረፊያ አዘጋጀላት፣ ምን አለበት?" አለኝ። እኔም ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ትናንት ሥራ ላይ ግን ልቤ አልረጋ አለ። የአንዲት ደንበኛዬን ፀጉር በአንድ ወገን አሳጥሬ ቆረጥኩት። መስታወት ውስጥ አይታ "አንቺ፣ እኩል አይደለም እኮ!" ስትለኝ መቀሱን አስቀምጬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ጸጥ ብሏል። ኮሪደሩ ላይ ጫማዎች ተደርድረዋል። የሚጣ ጫማ በግራው ግድግዳ ሥር...

የሚጣ ጫማ በቀኙም ግድግዳ ሥር።

"ሚጣ!"

"አቤት፣ እማዬ!" ከግራው ክፍል።

"አቤት፣ እማዬ!" ከቀኙ ክፍል።

እኩል። በአንድ ትንፋሽ።

ሳሎን ገባሁ። ሚሊሜትር ትንፋሹን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሏል። በወረንጦው ሁለት ጉንጉን ያላት ሌላ የፕላስቲክ ሰው ይዟል። በቀኙ መስኮት አስገብቶ ተጫናት።

ቀጭ!

ውሃ ልኩን ጣሪያው ላይ አሳረፈ። አረፋዋ ተወዛወዘች... መሃል ላይ ቆመች።

"ቆመ" አለ በሹክሹክታ።

አንቱታዬን እዚያው ጣልኩት።

"አንተ! ልጄን ምን አድርገሃት ነው?"

በሁለት እጄ ጠረጴዛውን ጠረግኩት። ያ ሁሉ ቤት ወለሉ ላይ ተበተነ። እጄን ይይዘኛል፣ ይመታኛል ብዬ ነበር። ንቅንቅ አላለም። የተበተነውን አየ፣ እኔን አየ።

"ቀስ በይ" አለኝ። "ከየት በኩል እንደመጣች ሳታዪ እንዳትወስጃት።"

ዞር ስል ሚጣ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። መሃሉ ላይ። ከኋላዋ ሁለቱም በሮች ተከፍተዋል።

ከየትኛው ወጣች? አላየሁም።

በዚያ ሰዓት ማን ቆሞ ይመረምራል! አፈፍ አድርጌ አቅፌያት ወጣሁ። ጫማ እንኳ አላደረግኩላትም።

ታክሲ ውስጥ አላለቀሰችም። ወዴት ነው አላለችም። ብስኩት ስሰጣት በግራ እጇ ተቀብላ በላች። አይቻለሁ፣ ግን ልብ አላልኩም።

ታላቅ እህቴ በር ከፈተችልን።

"ውይ በሞትኩት! ፊትሽ አመድ መስሏል! ባልሽ ነው?"

"ወንድሙ።"

"ያ ባለ ጡቡ? እኔ ድሮም ዓይኑ አላማረኝም!" ጎንበስ ብላ ሚጣን ሳመቻት። ከዚያ ቀና አለች። "ምን ቀብተሻት ነው? አዲስ ዕቃ፣ አዲስ ዕቃ ትሸታለች።"

ከባሌ ጋር ጭቅጭቅ አልፈለግኩም፣ ስልኬን አጠፋሁ። ልጄን አቅፌ ተኛሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ የሰላም እንቅልፍ ከተኛሁ ቆይቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት አስቀመጥኳትና እንደ ልማዴ ከግራ በኩል ጀመርኩ። ጆሮዋ ጀርባ ስደርስ "ቀስ!" እስክትለኝ ጠበቅኩ።

ዝም።

ጣቴን መለስኩት። ለስላሳ ነው። ምንም የለም።

መስታወቱ አሳስቶሽ ነው እንዳትሉኝ። በዓይኔ አይደለም ያየሁት፣ በጣቴ ነው የዳሰስኩት። ጣቴ የልጄን ራስ አይስትም።

ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ጀርባ ሄድኩ...

"ቀስ!" አለች።

የምስር ፍሬ የምታህል።

ጉንጉኑን በአንድ እጄ እንደያዝኩ በሌላው ስልኬን ከፈትኩ። ወዲያው ጠራ። ባሌ ነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ? ልጅቷን ጥለሽ የት ነው ያደርሽው?"

"የቷን ልጅ?"

"የቷን ልጅ ትለኛለች! ሚጣን ነዋ! ስገባ ክፍሏ ውስጥ በር ዘግታ ስታለቅስ አገኘኋት። እማዬ ሌላ ልጅ ይዛ ሄደች እያለች።"

ጉንጉኑን ለቀቅኩት።

"እባክህ..." አልኩት በሹክሹክታ። "ከግራ ጆሮዋ ጀርባ ንካት።"

"ምን?"

"ንካት አልኩህ!"

ትንሽ ኮሽታ ሰማሁ። ከዚያ...

"ቀስ!"

ከስልኩ ውስጥ። የኔ ልጅ። የወለድኳት። እዚያ ቤት ውስጥ ትቻት የሰው... የምን እንደሆነች የማላውቃትን አቅፌ አደርኩ።

እንባዬ መጣ። "ጋሼስ?" አልኩት።

"ሌሊቱን አልተኛም። ጡቦቹን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ከመሠረቱ ጀምሯል። በይ እንኪ፣ አነጋግሪያት።"

"ሚጣዬ! መጣሁልሽ! አሁኑኑ መጣሁ!"

ትንፋሽዋ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ፣ ማንም እንዳይሰማት አፏን ስልኩ ላይ አስጠግታ...

"እማዬ፣ አትምጪ። አጎቴ ለሁለት ልጅ አንድ እናት አትበቃም አለ። አሁን አንቺን እየሠራ ነው።"

ቀና ብዬ መስታወቱን አየሁ።

በርጩማው ላይ ያለችው ልጅ ፊት ለፊት እያየችኝ ነው። ድምፅ የላትም። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል... ከስልኩ ከሚወጣው ቃል ጋር፣ አንድም ሳይቀድም፣ አንድም ሳይዘገይ።