የግንበኛው ስም

ተቋራጩ በካቴድራሉ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኖቹን እንደከፈተ፣ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት የሚቆጥር መስሎ ተዘርግቷል። ደሙ በእብነ በረዱ መገጣጠሚያ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ አንድ አግዳሚ ወንበር ሥር ረግቷል። ከበላዩ፣ ቀና ብሎ ለሚያየው አንገት በሚያሳምም ከፍታ፣ የመዘምራኑ ሰገነት ተንጠልጥሏል።

መርማሪዋ ሬሳውን አይታ ስታበቃ ሰገነቱ ላይ ወጣች። ባልደረቦቿ ከቁመቷ ማነስና ከምላሷ መሾል የተነሳ «መርፌ» ይሏታል፤ ፊቷ ላይ ግን የደፈረ የለም። የሰገነቱን የድንጋይ መከታ ተጠግታ ስትቆም ደረቷ ላይ ደረሰ።

«ሳጅን፣ ሟቹ ከእኔ በምን ያህል ይረዝማል?»

«በባርኔጣው ብቻ።»

«እንግዲያው ተንሸራቶ አልወደቀም። እግሩን ይዞ ያነሳው ሰው አለ።»

የሟቹ መነጽር ታጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። መርማሪዋ በመሐረብ ይዛ አገላበጠችውና መጀመሪያ የሟቹን ታናሽ ወንድም አስጠራች። የጥገናውን ሥራ ከወንድሙ ጋር የሚመራው እሱ ነው።

«ከወንድምህ ጋር አትስማሙም ይባላል።»

«ከሱ ጋር የተስማማ ማን አለ? እኔ የእናቱ ልጅ ስለሆንኩ ቅድሚያ ይሰጠኛል እንጂ!» ሊስቅ ቃጣውና ሬሳውን ሲያይ ተወው።

«ሲወድቅ የት ነበርክ?»

«ውጭ ነበርኩ። በማለዳ ያንን ትልቁን ባለቀለም መስታወት አቧራ እንዳይነካው በሸራ ሸፍነን፣ ጠርዙን ስናስር ነበር። ጩኸት ስንሰማ ወርደን ሮጥን። እናንተ ስትመጡ ብርሃን ያስፈልጋል ብዬ ሸራውን አስገፈፍኩት።»

ሠራተኞቹም ከጎናቸው ንቅንቅ እንዳላለ ማሉለት።

«መነጽሩን ለምን ያወልቃል?»

«ያለሱ ጣቱን እንኳ አያይም። የሚያወልቀው ፊቱን ማየት የማይፈልገው ሰው ሲመጣበት ነው። ሲያወልቅ ሁሉም ሰው ጭጋግ ይሆንለታል።»

«ማን ሲመጣ ለምሳሌ?»

ወንድምየው ወደ ትልቁ በር አየ። እዚያ ቁልፍ ያዥዋ የቁልፍ ዘለላዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ነገሩን የማያውቅ የለም። ከዓመታት በፊት የሴትዮዋ ባል፣ ግንበኛው፣ እዚሁ ጣሪያ ሥር ሲሠራ ከመወጣጫ እንጨቱ ላይ ወድቆ ሞቷል። አጠገቡ የነበረው ተቋራጩ ብቻ ነበር፤ እሱም «ሰክሮ ወደቀ» ብሎ መሰከረ። ግንበኛው መጠጥ ባፉ ዞሮ አያውቅም፤ ግን የድሃ ሬሳ አይከራከር! ከዚያ ወዲህ እሷ የሰካራም ሚስት፣ ዛሬ የካቴድራሉ አስጎብኚ የሆነው ልጇም የሰካራም ልጅ ተባሉ። እናትና ልጅ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ስም እንዲነጻ።

ሳጅኑ ወደ መርማሪዋ ጆሮ ጎንበስ አለ። «እሷው ናት። ያንን የበር መቀርቀሪያ በአንድ እጇ ነው የምታነሳው። ባለፈው ሰሞን ‹የባሌን ስም ሳታነጻ አፈር አይብላህ!› ብላ በሰው ፊት ረግማዋለች።»

መርማሪዋ ሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«ኋላ ክፍል፣ መቅረዝ ስወለውል።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«መቅረዙ አይቶኛል፤ ጠይቂው።»

«ሲሞት ምን ተሰማዎት?»

ሴትዮዋ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። «አመለጠኝ» አለች።

ሳጅኑ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ። መርማሪዋ በዓይኗ ከለከለችው።

አስጎብኚው መልከ መልካም፣ ድምፁ የሚስብ ወጣት ነው። «ጎብኚ ነኝ እንበል» አለችው መርማሪዋ። «እስቲ ውስጡን አሳየኝ።»

ልጁ ጥቂት አመነታና ጀመረ። አንዴ ከጀመረ እንደተለቀቀ ካሴት ነው። ዓምዶቹ እያንዳንዳቸው ከአንድ ድንጋይ እንደተፈለፈሉ ነገራት። ጣሪያውን የሳለው ሰው በጀርባው ተኝቶ ሲስል ጺሙ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቶ ሚስቱ ቤት አላስገባም እንዳለችው ሲያወራ፣ ሁልጊዜ ጎብኚ የሚስቅበት ቦታ ላይ ቆም አለ። እሷም ሳቀችለት። ሦስተኛው ዓምድ ጋ ሲደርሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የካቴድራሉ ልብ ይህ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ በትልቁ መስታወት ገብታ ይህን ዓምድ ቀይ ታለብሰዋለች።»

እውነትም ዓምዱ ፍም መስሎ ነበር።

«ሰውየው ሲወድቅ የት ነበርክ?»

«ጎብኚዎቹን በጎን በር አስገብቼ ምድር ቤት ወረድን፤ መቃብሮቹን ብቻቸውን እንዲያዩ ትቻቸው ወጣሁ። እዚሁ ቆሜ ነበር። እማዬም እዚህ ሥር ተቀምጣ ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ምን ማለትዎ ነው! ነጭ ሻሿ በዚህ ብርሃን ደም መስሎ፣ በዓይኔ በብሌኑ ያየሁትን! ጩኸቱን አብረን ነው የሰማነው።»

መርማሪዋ እጇን ወደ ዓምዱ ዘረጋች። መዳፏ ቀላ። «ያምራል» አለች፤ ሁሉም እዚያው እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

ወንድምየው ክንዱን አጣምሮ ቆመ። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ሳጅን ካቴናውን ይዞ እማማን ያያል» ብላ ጀመረች። «እኔም አይቻቸዋለሁ። ሟቹ ተገፍቷል። ከመገፋቱ በፊት መነጽሩን አውልቋል፤ ስለዚህ የመጣው ፊቱን ማየት የሚያሳፍረው ሰው ነው። እዚህ ቤት እንዲህ ያሉት ሁለት ናቸው፤ የግንበኛው ሚስትና የግንበኛው ልጅ።»

«አላልኩም?» አለ ሳጅኑ።

«ቆይ። እርግማኑን ሰው ሁሉ ሰማው እንጂ ማንም አላዳመጠው። ‹ስሙን ሳታነጻ አፈር አይብላህ› ያለ ሰው ለጠላቱ የሚለምነው ሞት ነው ወይስ ዕድሜ?»

ሳጅኑ ካቴናውን ዝቅ አደረገ።

«ደግሞ እማማ ኋላ ክፍል ነበርኩ አሉ፤ ምስክር የላቸውም። ልጃቸው ግን እዚህ ዓምድ ሥር አያቸው። ገዳይ ቢሆኑ ኖሮ ይህን የመሰለ ማምለጫ ከልጃቸው ጋር ተማክረው ይይዙ ነበር።» ወደ ልጁ ዞረች። «እናትህን ልታድን ዋሸህ፤ አልፈርድብህም። ግን ሰውየው ሲወድቅ እዚህ ቀይ ብርሃን አልነበረም። መስታወቱ ከማለዳ ጀምሮ እኛ እስክንመጣ ሸራ ለብሶ ነበር።»

ወንድምየው ራሱን ነቀነቀ። የልጁ ፊት ከሥሩ እንደተናደ ግድግዳ ሆነ።

«የነገርከኝ በየቀኑ ለጎብኚ የምትለውን እንጂ ዛሬ ያየኸውን አይደለም። ከዚህ ቆመህ ቢሆን ኖሮ ጨለማውን ታይ ነበር። ምድር ቤትም አልነበርክም። ታዲያ የት ነበርክ?»

ቁልፍ ያዥዋ ብድግ አለች። «እኔ ነኝ! ልጄን ልቀቂው፤ እኔ ነኝ የጣልኩት!»

«እማማ፣ የገደለ ሰው ‹አመለጠኝ› አይልም።»

«ተይ እማዬ» አለ ልጁ። ድምፁ ያ የሚስበው ድምፅ አልነበረም። «ሰገነቱ ላይ ብቻውን መሆኑን ሳውቅ ወጣሁበት። የአባቴን ስም መልስልን አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና ‹ላንተ የምነግርህ ነገር የለኝም› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። እግሩን ያዝኩት።» ቀና አለ። «አይቆጨኝም። አባቴ በወደቀበት ወደቀ። ደሙን መልሼልሻለሁ።»

እናቱ ወደ እሱ ዞረች። ዕንባ የለም።

«ደም መቼ ጠየቅኩህ?» አለችው። «በየማለዳው በር የምከፍትለት ለደሞዝ መሰለህ? ፊቴን እያየ እንዲገባ፣ ፊቴን እያየ እንዲወጣ ነው። እንቅልፍ ነሥቼው ነበር። እህል ውኃ ነሥቼው ነበር። ትናንት እዚያ በር ላይ ቆሞ ‹እትዬ፣ ባልሽ እኮ…› ብሎ ዕንባ ቀደመው። ዛሬ ይጨርሰዋል ብዬ ነው ያነጋሁት።»

«እኔ ግን… ላንተ የምነግርህ የለኝም አለኝ እኮ…»

«ላንተማ አልነበረማ! ለእኔ ነበር። ያንን ቃል ከሱ በቀር የሚያውቅ ማን አለ? አሁን ማን ይንገረኝ?»

ሳጅኑ ካቴናውን በልጁ እጅ ላይ ቆለፈ። እሷ አላየችም፤ ዓይኗ ወለሉ ላይ በተዘረጋው ሰው ላይ ነው።

«እኔ አንቄ ይዤው ነበር» አለች። «አንተ ገላገልከው።»