ሰባተኛዋ አቤቱታ

ክንዱ የተባለው ሰው ሞቶ የተገኘው ከሚሠራበት ክፍል የውጭ ደረጃ ሥር፣ መሬት ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩ ሐምሌ፣ ሰዓቱ አስራ አንድ ተኩል። ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ ሳያባራ የወረደው ዝናብ የአዘዞን ግቢዎች ሁሉ ጭቃ አድርጓቸዋል።

ኢንስፔክተር ሐረገወይን ስትደርስ አለቃዋ ምናለ ቀድሟት ነገሩን ጨርሶታል።

«ደረጃው ረጥቧል፣ አዳለጠው፣ ወደቀ። ከዚህ ሌላ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ነገ መዝገቡን ዝጊልኝ።»

«እሺ ጌታዬ» አለች። ይህን «ጌታዬ» ስትለው ምላሷ ላይ እንደ ኮሶ ይመራታል። ምናለን አሻራ ማንሳት ያስተማረችው እሷ ናት። ባለፈው መስከረም ግን ሹመቱ ለእሱ ሆነ። እንኳን ደስ አለህ ብላ ጨበጠችው፣ ቤቷ ገብታ በሯን ስትዘጋ ግን ቅናት ያዛት። እስከ ዛሬም አልለቀቃትም፤ ምን ይደበቃል!

ሬሳው ሲነሳ ጎንበስ ብላ አየች። ግቢው ሁሉ ጨቅይቷል፤ ክንዱ የተኛበት አፈር ግን ደረቅ ነው። በእጇ ዳበስ አደረገችው። አቧራው ከጣቷ ላይ ቡን አለ። እጇን አራግፋ ተነሣች።

ከበሩ ላይ ከጠዳ የመጡት የሟቹ እናት፣ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል፣ ክንዷን ያዙ።

«የሰፈሩ ሰው ሰክሮ ወደቀ ይላል። ምነው እመቤቴ፣ የኔ ልጅ ጠላ እንኳ አይቀምስ! ሞቱ ሳያንሰኝ ስሙንም ልቅበረው?»

«እስከ ነገ ይታገሱኝ እናቴ» አለቻቸው። ካለች በኋላ ምን አፌን አስከፈተኝ ብላ ራሷን ረገመች። ቃል አንዴ ከወጣ ግን ወጣ ነው።

ከደረጃው በላይ ያለችው ክፍል «ገበጣ ቤት» ትባላለች። ሰው ካለበት ሆኖ በስልኩ ገበጣ የሚጫወትባት የኢንተርኔት መድረክ ቢሮ ናት። ከአይከል ገበሬ እስከ ሆስፒታል ሐኪም ይጫወትባታል፤ ጨዋታ ባለበት ደግሞ ጭቅጭቅ አለ። ተጫዋቹ ጠጠር ጎደለብኝ፣ መስመር ተቋረጠብኝ የሚል አቤቱታ ይጽፋል፣ ዳኛ አይቶ ይፈርዳል። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ ሁሉ የተሠራው በበጎ ፈቃድ ነው። ከአራት ወር በፊት ግን የገንዘብ ድጋፍ ተገኘና መሥራቹ አቶ ላቀው አንድ ሰው በደመወዝ ቀጠረ፤ ያውም ከነባሮቹ አንዱን ሳይሆን ክንዱን። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ነባሮቹ የክፍሏን ቁልፍ እስከዚያ ቅዳሜ እንዲመልሱ ደብዳቤ ደረሳቸው።

እሑድ ጠዋት ሐረገወይን ላቀውን ከኮምፒውተሩ ፊት አገኘችው።

«ክንዱ እስከ አስራ አንድ ሰዓት በሕይወት ነበር» አላት። «ይኸው፣ ከአሥር እስከ አስራ አንድ በስሙ አሥራ አራት አቤቱታ ተፈርዷል። እኔ ከአሥር ጀምሮ ለሽምግልና ሰው ቤት ነበርሁ።»

«መፍረድ የሚቻለው እዚህ ተቀምጦ ብቻ ነው?»

«የለም፣ በስልክም ይቻላል።»

«የይለፍ ቃሉን ማን ያውቀዋል?»

ላቀው አፍሮ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አሳያት። «ከክንዱ ሌላ ቁልፍ ያለን ሦስታችን፤ እኔ፣ እትዬ ይርገዱና አንዱዓለም።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይስ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ብቻዬን። ምነው?»

«እንዲያው ነው። እርስዎም ይጫወታሉ? በምን ስም?»

«አንገረብ በሚል።»

«ደመወዙን ለምን ለአንዱዓለም አልሰጡትም? አምስት ዓመት የፈረደው እሱ ነው ይባላል።»

ላቀው ትከሻውን ነቀነቀ። «አንዱዓለም እንዲሁም ይሠራው ነበር እኮ! በነፃ ለሚሠራ ሰው ማን ይከፍላል?»

ንግግሩ ሐረገወይንን እንደ እሾህ ወጋት። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ቀጥላ ያነጋገረቻቸው እትዬ ይርገዱ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የመድረኩን ደንብ የጻፉት እሳቸው ናቸው።

«በክንዱ ቀንቻለሁ ልጄ፣ ለምን እዋሻለሁ?» አሏት ገና ሳትጠይቃቸው። «ደንቤን አንድም ቀን አላነበበው። ሦስት ቀን ያስጠብቅና ለሁሉም ያችኑ አንድ የተዘጋጀች መልስ ይልካል፤ ‹አቤቱታዎ ታይቷል፣ ውጤቱ ይጸናል›። ቅዳሜ ደግሞ ስድስት ሰዓት ሲሆን ዝግ! ደመወዙ እስከዚያ ነዋ።»

«ትላንት ዘጠኝ ሰዓት?»

«ተኝቼ። ከአሥር ጀምሮ ማኅበር ላይ።»

«የጨዋታ ስምዎ?»

«ፈትል።»

«ደንብዎ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው?»

«ዳኛ በራሱ ጨዋታ አይፈርድም» አሉ ቀና ብለው። «ይህን የጣሰ ከኛ ጋር አንድ ቀን አያድርም።»

አንዱዓለምን ያገኘችው ፒያሳ፣ ከሚሠራበት የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጁን ደጋግሞ የሚታጠብ ወጣት ነው።

«ክንዱን ሥራውን ያለማመድኸው አንተ ነህ አሉ።»

«ሁለት ሳምንት። በነፃ» አለና ሳቅ ለማለት ሞከረ።

«ትላንት?»

«ከአሥር እስከ ሁለት ሰዓት ተረኛ ነበርሁ። በሽተኞቹን ይጠይቁ።»

«ከአሥር በፊትስ?»

«መንገድ ላይ። ሚኒባስ ስጠብቅ።»

«ቁልፉን መለስህ?»

«አልደረሰልኝም» አለ፣ ከኪሱ ግን አውጥቶ አላሳያትም።

«የጨዋታ ስምህ ማነው?»

«ቀሃ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ገበጣ ቤት ሰበሰበቻቸው። ላቀው ከመስኮቱ፣ እትዬ ይርገዱ ከወንበሩ፣ አንዱዓለም ከግድግዳው ተጠግተዋል። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥግ ተቀምጠዋል። ምናለ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ክንዱ አልሰከረም፣ አላዳለጠውምም» ብላ ጀመረች። «ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ነበር። ዝናቡ የጀመረው ዘጠኝ ተኩል ነው፤ ስለዚህ የወደቀው ከዚያ በፊት፣ በደረቅ ደረጃ ላይ ነው።»

«ከአሥር በኋላ ፈርዷል ብዬሻለሁ እኮ!» አለ ላቀው። ደንግጦ አንቱታውን ሁሉ ረሳው።

«የሞተ ሰው አይፈርድም አቶ ላቀው። ሌላ ሰው በስሙ ፈረደለት። ክንዱ ራሱ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ሕያው ለማስመሰል ማን ይደክማል? የደከመው የገፈተረው ሰው ነው። ከአሥር ጀምሮ ሰው መሀል የሚውል ሰው፣ ሟቹ እስከ አስራ አንድ ኖሯል ቢባል ይጠቅመዋል።»

«ሦስታችንም እኮ ሰው መሀል ነበርን» አሉ እትዬ ይርገዱ።

«አዎ። ለዚህ ነው ፍርዶቹን አንድ በአንድ ያነበብኋቸው። ክንዱ ቢሆን ያችን የተዘጋጀች መልስ ይልክ ነበር። እነዚህ ግን እያንዳንዱ ጨዋታ ከመጀመሪያው ጠጠር ጀምሮ ታይቶ፣ ለሁለቱም ተጫዋች ምክንያቱ ተጽፎላቸዋል። ነፍሰ ገዳዩ ውሸቱን እንኳ በደንብ ነው የሠራው። ልፍስፍስ ፍርድ መፍረድ አልሆነለትም።»

ሐረገወይን ማስታወሻዋን ገለጠች።

«ሲጠብቁ የነበሩት አቤቱታዎች ግን አሥራ አራት አይደሉም፤ አሥራ አምስት ናቸው። ከአንድ እስከ ስድስት ተፈርዷል፣ ከስምንት እስከ አሥራ አምስትም ተፈርዷል። ሰባተኛዋ ተዘላለች። እትዬ ይርገዱ፣ በእናንተ ቤት ዳኛ አንዲት አቤቱታ የሚዘለው መቼ ነው?»

አሮጊቷ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። ሰባተኛዋን ከፈቱ።

«ከሳሽ አያ ወልደ ዮሐንስ፣ ከአይከል። ተከሳሽ…» አሉና አንዱዓለምን አዩት። «አንተ ልጅ! ቀሃ ይላል።»

«እርስዎ ቢሆኑ ይፈርዷት ነበር፤ አቶ ላቀውም እንዲሁ» አለች ሐረገወይን። «ልትነካት የማትችለው አንተ ብቻ ነህ አንዱዓለም።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። አንዱዓለም ሊክድ እንኳ አልሞከረም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ልመልስለት ነበር የመጣሁት። ስልክ ስደውልለት እዚህ ጠበቀኝ። ደረጃው ላይ፣ ‹አንተ አምስት ዓመት የለፋህበትን እኔ በአንድ ንክኪ እጨርሰዋለሁ፤ ዋጋ ቢኖርህ ይከፍሉህ ነበር› አለኝና ሳቀ። ገንዘቡን አልፈለግሁም ብል ውሸት ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ግን ያቃጠለኝ ወንበሩ ነው። የኔ ነበር! ለሱ ሲሰጡት ማንም፣ አንድም ሰው፣ ዞር ብሎ አላየኝም። ገፈተርሁት። ስወርድ አይተነፍስም።»

ሐረገወይን ምናለን ላለማየት መሬት መሬቱን አየች። ስለ ወንበሩ የተባለው እሷንም ነካት፤ ደነገጠች።

«አንድ ሁለቱን ብትፈርድ ይበቃህ ነበር» አለችው ዝግ ብላ። «በሽተኛ እያስተናገድህ በስልክህ አሥራ አራቱን ሁሉ ለምን?»

«ሦስት ቀን የጠበቁ ሰዎች ናቸው። አንዴ ከከፈትሁት በኋላ ትቻቸው ልሂድ?»

እትዬ ይርገዱ የአያ ወልደ ዮሐንስን ድምፅ ከፈቱት። ሽማግሌው መጻፍ ስለማይችሉ አቤቱታቸውን በድምፅ ነው የሚልኩት፦ «መስመሩ ተቋርጦብኝ እንጂ አልተሸነፍሁም ልጆቼ፤ እስቲ ጠጠሬን ቁጠሩልኝ።» መምህርቷ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀምረው አዩት። ማንም አላቋረጣቸውም፣ ምናለም ሰዓቱን ማየት ትቷል።

«መስመሩ ባይቋረጥ ያሸንፉ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ድሉ የአያ ወልደ ዮሐንስ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ አንዱዓለም፣ እጁን ለካቴናው እየዘረጋ። «እኔም እንደዚያ ነበር የምፈርደው።»

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ከጥጋቸው ተነሡ። ፊቱ ድረስ ሄደው ቆሙ። አልጮኹም፣ አልተራገሙም።

«ለማታውቀው ሽማግሌ ጠጠር እንዲህ የተጨነቅህ ልጅ፣ ለኔ ልጅ ምነው?» አሉት።