የኦቦ አያና ስፌት

ጡረተኛው መምህር ኦቦ አያና ከጠረጴዛቸው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው፣ በቀኝ እጃቸው ብሎን መፍቻ እንደያዙ ተገኙ። አጠገባቸው ክዳኑ የተከፈተ የኮምፒውተር ሣጥንና ጫፉ የተላጠ ሽቦ ነበር። ግቢውን የሞላው ለቀስተኛ «ኤሌክትሪክ ያዛቸው» ብሎ ምርመራውን ጨርሶታል። ጥፋተኛ ፍለጋም ብዙ አልደከመም፤ ሁለተኛ ሚስታቸው ሴና አለችለት። ሆዱን ተቀዶ ጥገና ገና በስድስተኛ ቀኑ ያለ በሽተኛ ጥላ ወጥታለች ተብላ፣ አስከሬኑ አጠገብ እንዳትቀመጥ ዘመዶቹ ማዕድ ቤት ከተዋታል። የሟች ታናሽ ወንድም ደቻሳ ደግሞ አስከሬኑን ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ጎጆ የሚወስድ መኪና አዟል። ሴና እዚያ መኪና ላይ ቦታ አልነበራትም።

ኢንስፔክተር ፍቅርተ የደረሰችው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ትርፍ አንጀቷን በቀዶ ጥገና ካስወጣች ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነበርና ሆዷን በመቀነት አስራ፣ ፊቷን አጥቁራ ገባች። እረፍቷን ያቋረጠባትን አለቃዋን መንገዱን ሙሉ ስትረግመው ነበር።

ማስታወሻ ልትይዝ ስትል ብዕሯ አምልጧት ከጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ። ጎንበስ ልትል ሞከረች፤ ስፌቷ ሰቅዞ መለሳት።

«ዓብዲሳ፣ አውጣልኝ» አለችው ረዳቷን።

ኮንስታብል ዓብዲሳ በእንብርክኩ ሲገባ እያየች ቆየች። እሷ በአሥራ ሁለት ቀኗ ያቃታትን እኚህ ሰው በስድስት ቀናቸው እንዴት ቻሉት?

ወደ አልጋው ዞረች። አንሶላው ላይ የላጲስ ፍርፋሪ ተበትኗል። ጋቢውን ስታራግፈው ጣት የምታህል፣ ወርቃማ ጥርስ የተደረደረባት አረንጓዴ ካርድ ወደቀች።

ሬሳውን ያየው ሐኪም ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ጣታቸው ላይ የቃጠሎ ምልክት የለም። ከንፈራቸው ግን በውስጥ በኩል ቆስሏል። ሰው ነው ያፈናቸው።»

ማዕድ ቤት ገባች። ሴና ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«አዴ ሴና፣ ለምን ብቻቸውን ተውሻቸው?»

«የቁስሉ መሸፈኛ አልቆ ፋርማሲ ሄድኩ። አራት ሰዓት ወጥቼ ስድስት ተኩል ተመለስኩ።»

«ስትወጪ ኮምፒውተሩ የት ነበር?»

«አልጋው አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ። መነካካቱን ተው ብለምነው እንቢ አለኝ። ጠዋት ተጨቃጨቅን፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።» እንባዋን ዋጥ አደረገች። «ሰኞ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው። እሱና ደቻሳ የእናታቸውን መሬት እኩል ሊካፈሉ የታረቁበት ቪዲዮ እዚያ ውስጥ ነው። ያስታረቋቸው ሽማግሌዎች ሁለቱም አርፈዋል። ማሽኑ ደግሞ ጢጥ ጢጥ እያለ አልከፈት አለ።»

«ቁስላቸው እንዴት ነበር?»

ሴና ከደረቷ ሥር ጀምራ እስከ እምብርቷ ሥር በጣቷ አሰመረች።

መርዶውን ሰምቶ የመጣው ኮምፒውተር ጠጋኙ ኦልጅራ ገና ሳይጠየቅ ተቆጣ። «ሁሉም እኔን ነው የሚያየው! ጠዋት በስልክ 'ሜሞሪውን አውጥተው ጥርሱን በላጲስ ይጥረጉት፣ ዘጠኝ ሰዓት መጥቼ እገጥመዋለሁ' አልኳቸው። ሌላ ምን አደረግኩ?»

ካርዷን አሳየችው። «ይቺ ናት?»

«እሷው ናት። ያለ እሷ አይነሣም።» ሣጥኑን አጎንብሶ ተመለከተና ቀና አለ። «ሃርድ ዲስኩም የለም እኮ! ፋይሉ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው።»

ደቻሳ ለቀስተኛ ከቦት መሐል ተቀምጧል። አልተነሣላትም።

«አንቺ ደግሞ ምን ቀረሽ? ወንድሜን ልቅበርበት!»

«ስንት ሰዓት ደረስክ?»

«ሰባት። ጎጆ ሳለሁ ተደወለልኝ፣ በፒክአፔ ከነፍኩ።»

«ታመው ሳሉ ጠይቀሃቸው ነበር?»

«ያ ዋቅ! ወንድሜን ሳልጠይቅ? ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ! ቁስሉን ገልጦ አሳይቶኛል። የዘንድሮ ቀዶ ጥገና በካሜራ አይደል? ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ። እንደ ልቡ ይንጎራደድ ነበር።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፍቅርተ ጻፈችውና ዓብዲሳን ወደ ውጭ ላከችው።

ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች። ዘመዶቹም ተከትለው ገቡ። መቆም ስላደከማት ወንበር ሳበች።

«ኦቦ አያናን ኤሌክትሪክ አልገደላቸውም። ታፍነው ነው የሞቱት።»

ደቻሳ ብድግ አለ። «አላልኳችሁም? ይቺ ናት! ለቤቱ ብላ ያገባችው!»

«ቁጭ በል። ሟች ሜሞሪውን አልጋቸው ላይ ሆነው በላጲስ ሲጠርጉ ነበር። ሣጥኑም አግዳሚው ላይ ነበር። ገዳዩ ሣጥኑንም ሬሳውንም ጠረጴዛው ሥር አስገብቶ አደጋ አስመሰለው። ኦልጅራ ቢሆን ሜሞሪው አለመገጠሙን ያውቃል፤ አደጋ ለማስመሰል መጀመሪያ እሱን ይመልሰው ነበር። ሴና ብትሆን ይህን ያህል የተሰፋ ሰው ጠረጴዛ ሥር አትከተውም፤ መቀመጥ እንኳ እንደሚያቅተው ታውቃለች። ይህን የሚያደርገው ቁስሉን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው።»



«ሐኪሙ፣ ስፌቱ ምን ያህል ነው?»

«ከደረት እስከ እምብርት ሥር። በካሜራ አይደለም፤ ሆዳቸው ተከፍቶ ነው።»

«ደቻሳ ሦስት ቀዳዳ አየሁ ብሎኛል» አለች ፍቅርተ። «አንድም ቀን አልመጣም፤ ከዛሬ በስተቀር። ስልኩ የተደወለው ሴና ከተመለሰች በኋላ፣ ስድስት ተኩል ካለፈ ነው። ያንን የጎጆ መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በግማሽ ሰዓት ማን ጨርሶት ያውቃል?»

ዓብዲሳ በጨርቅ የያዘውን ሃርድ ዲስክ ይዞ ገባ። «ከፒክአፑ ወንበር ሥር ነው ያገኘሁት።»

«የምትጥልበት ፋታ አጣህ። የሟች ወንድም ነህና ለቀስተኛው ለአፍታም ብቻህን አልተወህም።»

«የእናቴ መሬት ነው!» ጮኸ ደቻሳ። «እኩል ብሎ ነገር የለም! እዚያ የቀረሁት፣ ያረስኩት እኔ ነኝ!»

«አንድ ቀን እንኳ 'እግዜር ይማርህ' ልትለው መጥተህ ቢሆን፣ እዚያ ሥር እንደማይገባ ታውቅ ነበር።»

አንድ ሽማግሌ ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ። «አልጠየቀውም!» አለ ለራሱ። ካቴናው ሲገባለት ደቻሳን ቀና ብሎ ያየው ዘመድ አልነበረም። ፍቅርተ ተናደደች፤ እነዚሁ ሰዎች ከአንድ ሰዓት በፊት ሴናን ሲያመናጭቁ ነበር።

ሾፌሩ በበሩ ብቅ አለ። «ወደ ጎጆ እንጫን?»

ዘመዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሴና መሐላቸውን ሰንጥቃ አለፈች።

«አትጭንም። ባሌ የሚቀበረው እዚሁ አምቦ ነው። ቅር ያለው ካለ በሩ ክፍት ነው።»

ማንም አልወጣም። ሴና ባሏ ራስጌ ተቀመጠችና ከቀትር ጀምሮ የከለከሏትን ለቅሶ አለቀሰች።