ዕቃዎ ደርሷል

«ኧረ የምን ጉድ ነው? የባንክ ሒሳቤ ባዶ ነው'ኮ!» እናቷ ስልኩን እንደ ትኩስ ድስት ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አገላበጠችው።

ኢንጂነሯ ክው አለች። የሰፈሩ ሰው በዚህ ስም የሚጠራት ስልኩ ያስቸገረው ሁሉ ወደ እሷ ስለሚሮጥ ነው። እናቷም ልብስ ስትሰፋ መልእክት ከመጣ፣ ከመርፌው ቀና ሳትል «አንብቢና መልሺልኝ» ነው የምትላት። ዛሬ ጠዋትም እንደዚያው ሆነ። «ዕቃዎ ደርሷል፤ አድራሻው ዛሬ ካልተስተካከለ ተመላሽ ይሆናል» ይላል መልእክቱ። እናቷ ለስፌት መኪናዋ ያዘዘችው ሞተር ነዋ! ልጅቷ ሊንኩን ነካች። ለማድረሻ ክፍያ ሲላት የእናቷን የባንክ የሚስጥር ቁጥር ሞላች፤ ቀጥሎ የመጣውን ኮድም አስገባች። «ተጨማሪ ተቀባይ» ሲላት ደግሞ የአክስቷን ስልክ ጻፈች። ሌላውን ሰው ግን «ኮድ ለማንም አትስጡ!» እያለች ስንቴ ተቆጥታለች።

እናቷ ባንክ ደውላ ስፒከር ላይ አደረገችው።

«እናቴ፣ ሊንክ ነክተዋል? ኮድስ?» አለ የባንኩ ሠራተኛ።

«እኔ እንጃ ልጄ፤ እኔው ነኛ! ይቺ ጣቴ መቼ አርፋ ትቀመጣለች። ልጄ እንደሁ በዚህ አትሸወድም።» እናቷ እንባዋ መጣ።

ኢንጂነሯ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ከዚያ አክስቷ ትዝ አለቻት፤ የተጻፈ ሁሉ እውነት የሚመስላት አክስቷ።

«የሌላ ሰው ቁጥርስ ሰጥተዋል?» አለ ሠራተኛው።

«ኧረ የለም» አለች እናቷ።

«አለ» አለች ልጅቷ። ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። «እማ፣ እኔ ነኝ። ኮዱንም ያስገባሁት እኔ ነኝ። የአክስቴን ቁጥርም ሰጥቻለሁ።»

እናቷ ዞራ አየቻት።

«ሒሳቡን አሁኑኑ አግዳለሁ፤ አንቺ አክስትሽ ጋ ቶሎ ደውይ» አለ ሠራተኛው።

«ያመኑት ፈረስ...» አለች እናቷ። አልጨረሰችውም።

ልጅቷ በራሷ ስልክ ደወለች። አክስቷ ሳቅ ባለ ድምፅ አነሳችው። «እንዴ ኢንጂነሯ! ‹ዕቃዎ ደርሷል› የሚል መልእክት መጥቶልኝ፣ ልጠይቅሽ ስል ደወልሽ!»

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እንዳትነኪው፣ አክስቴ። እኔ ተሸውጄያለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ» አለችና፣ እናቷ እየሰማች ከመጀመሪያው ጀመረች።