አምስት ሰዓት የፈጀው በረራ

ፖሊስ ያሰረው ገዳይ ያልሆነችውን ሴት ነው።

ጡረተኛው አናጢ አመሻሽ ላይ አልጋቸው ላይ እንዳሉ በትራስ ታፍነው ሞቱ። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ልጃቸው ሥራ ላይ ነበረች። ቤቱን ካልሸጥን እያለ የሚነዘንዛቸው አማቻቸው «ለንግድ ሩቅ አገር ነበርኩ» ብሎ የደርሶ መልስ ትኬቱን አሳየ። የቀረችው አብራቸው የምትኖረው አስታማሚያቸው ናት። «መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ነው» ብትል ማን ሰምቷት! ልጅየዋ ሳትቀር ጣቷን ቀሰረችባት።

መርማሪዋ ከእረፍት ተመልሳ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ።

«ፓስፖርቱንስ አይተውታል?» አለችው አዛዡን።

«ትኬት አለው አልኩሽ እኮ!»

«ትኬት መግዛትና መሳፈር አንድ ነው እንዴ?»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ልጅየዋ የአባቷን አንሶላ እያጠፈች አገኘቻት።

«ባልሽ የዚያን ቀን ደውሎ ነበር?»

«አዎ፣ ከሥራ ስወጣ። ‹ከሆቴሉ መስኮት ፀሐይ ስትጠልቅ እያየሁ ትዝ አልሽኝ› አለኝ። እኔም ቀና ብዬ አየኋት፤ ልትጠልቅ ነው። እኛ አንድ ፀሐይ ስናይ አባቴ…» ፊቷን በአንሶላው ሸፈነች።

መርማሪዋ አላጽናናቻትም። አማችየው ሳሎን እግሩን ዘርግቶ ቴሌቪዥን ያያል።

«በረራው አያደክምም?»

«ኧረ ምን አላት! እዚያ በስድስት ሰዓት ተነስተን እዚህ በአሥራ አንድ ሰዓት ዱብ። አምስት ሰዓት እኮ ናት። አንድ ፊልም አይቼ ትንሽ ሳሸልብ ደረስን።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አስታማሚዋ በካቴና መጣች።

«ሄድኩበት ያልከው ከተማ ከስምንት ሺህ ኪሎሜትር በላይ ይርቃል» አለች መርማሪዋ ወደ አማችየው ዞራ። «አውሮፕላኑ አሥር ሰዓት ሙሉ ይበራል። ትኬት ላይ መነሻው በእነሱ፣ መድረሻው በእኛ ሰዓት ነው የሚጻፈው፤ እነሱ ደግሞ አምስት ሰዓት ይቀድሙናል። አንተ ከአሥራ አንዱ ላይ ስድስቱን ቀነስክና አምስት አልክ። አሥር ሰዓት የተቀመጠ ሰው ወገቡ ይነግረው ነበር!»

«ተኝቼ… ልብ አላልኩም።»

«ፀሐይዋስ? እዚህ ስትጠልቅ እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። ሚስትህ ያየቻትን ፀሐይ ያየኸው ከዚሁ ከተማ ሆነህ ነው። አስታማሚዋ እስክትወጣ አድፍጠህ በቁልፍህ ገባህ። ካልሆነ ፓስፖርትህን አምጣ፤ የመውጫውን ማህተም አሳየኝ!»

እጁ ኪሱ ገብቶ እዚያው ቀረ።

«ግትር ሽማግሌ!» አለ ጥርሱን ነክሶ።

አዛዡ ካቴናውን ከአስታማሚዋ ፈትቶ እሱ ላይ አጠለቀ። «ይቅርታ እህቴ፣ ሥራ ሆኖብን ነው» አላት።

«ሥራ?» አለች የቆሰለ የእጅ አንጓዋን እያሸች።

ልጅየዋ ክንዷን ያዘቻት። «አትቀየሚኝ፣ በሞቴ። እዚሁ ቤትሽ ሁኚ።»

«አባትሽን አራት ዓመት እንደ ሕፃን አጥቤ አጉርሻለሁ። አንቺ ግን ነፍሰ ገዳይ ለማለት አንድ ቀን አልፈጀብሽም።»

ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሻንጣዋን ከክፍሏ አንስታ ወጣችና በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችው።