ኖራ የበላው አሻራ

ታላቁ የዓለም ጦርነት ባበቃ በሰባተኛው ዓመት፤ መጋቢት በገባ በዘጠነኛው ቀን ጧት፤ የፍርድ ቤቱ የብረት በር ገና ሳይከፈት የድንጋዩ ደረጃ በባለጉዳይ ተሞልቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ ትእዛዝ ወጥቶ፤ መፈረም የማይችል ሰው ሁሉ በውሉም በአቤቱታውም ግርጌ የቀኝ አውራ ጣቱን አሻራ እንዲያኖር፤ አሻራው ግልጽ ያልሆነ ወረቀትም እንዳልተጻፈ እንዲቆጠር ታውጇል። ሹማምንቱ «ከእንግዲህ ሐሰተኛ ምስክር መግቢያ አጣ» እያሉ ስለ ሥልጣኔ ንግግር አደረጉ፤ ሕዝቡም አጨብጭቦ፤ ጣቱን አጥቁሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አዲስ ትእዛዝ ሲወጣ ከሁሉ ቀድሞ አጥንቶ የሚያነበው ሌባ መሆኑን ያን ጊዜ ያሰበ አልነበረም።

ከደረጃው ጎን፤ ዝናብ ከማይደርስበት የጣራ ክፈፍ ሥር፤ አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ ጠረጴዛ ነበረ። ባለጠረጴዛው ሥልሳ ዓመት ያለፈው አቤቱታ ጸሐፊ ሲሆን፤ አንቀጽ ሳይጠቅስ ሰላምታ እንኳ አይሰጥም እየተባለ «ጋሽ አንቀጽ» ይባል ነበር። የጥብቅና ፈቃድ ስለሌለው ችሎት ገብቶ መናገር አይችልም፤ ነገር ግን የከተማው ድኻ ፈቃድ ያላቸውን ጠበቆች ትቶ ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው ወደ እሱ ነበር።

«ጋሼ፥ የጎረቤቴ ዛፍ ቅርንጫፉ በኔ አጥር ላይ ካፈራ፥ ፍሬው የማን ነው?» አለው አንድ ኮርቻ ሰፊ።

«ሳትበላው ነው ወይስ ከበላኸው በኋላ የመጣኸው?»

«ከበላሁት በኋላ።»

«እንግዲያውስ አፍህን ጥረግና ዝም በል፤ ማንም ሳይከስህ መልስ አትስጥ።»

ሰው ሳቀ። አንዲት ወጣት ሴት ደግሞ አንገቷን አስግጋ፥ «ባሌ ከጠፋ አራት ዓመት ሆነው፤ ሞተ ልበል ወይስ ፈታኝ ልበል?» አለችው።

«አንቺ ምንም አትበይ፤ ዳኛው ይበል። ቀን ጥቀሺልኝ፥ እጽፍልሻለሁ።»

እንዲህ ሲባባሉ፤ ሠላሳ ዓመት ኖራ በጥብጣ የሰው ግድግዳ በመቀባት የኖረችው መበለት ሕዝቡን በባልዲዋ እየገፋች መጣች። ኖራ ቀቢዋ ይሏታል። በእጇ የመጥሪያ ወረቀት ጨብጣ ነበር።

«አነበቡልኝ ጋሼ። ቤትሽን ሰጥተሻልና በስምንት ቀን ውስጥ ወይ ልቀቂ፥ ወይ ቀርበሽ መልስ ስጪ አሉኝ።»

«ለማን ሰጠሽ?»

«ለባሌ ወንድም! ለዚያ ለእንጨት ነጋዴው! በስጦታ! እኔ ለሱ እንኳን ቤቴን ጥላዬን አልሰጠውም!»

ጋሽ አንቀጽ ከመጥሪያው ጋር የተያያዘውን የውል ግልባጭ ተቀብሎ አነበበ። ሁለት ክፍል ቤት ከኖራ ጉድጓዱና ከግቢው ጋር፤ «በሙሉ ፈቃዴ፥ ማንም ሳያስገድደኝ» ተብሎ ተሰጥቷል፤ ከግርጌው አንድ ጥቁር አሻራ አለ። ንዴቱ መጀመሪያ የነደደው በሴትየዋ ላይ ነበር፤ የተማረ ሰው ልማዱ ነውና።

«ይኸው ጣትሽ! ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ? የማታውቂውን ወረቀት አትንኪ አላልኩሽም? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!»

«አልነካሁም!»

«ነክተሻል! ነይ ወዲህ፥ በዓይንሽ ላሳይሽ!»

እጇን ቀማ አድርጎ አውራ ጣቷን በቆርቆሮው ሳጥን ውስጥ ካለው ቀለም የተነከረ ጨርቅ ላይ ጫነ፤ ከዚያም ከውሉ አጠገብ ባለ ባዶ ወረቀት ላይ አተመው። ጣቷን ሲያነሣ ወረቀቱ ላይ የቀረው አሻራ አልነበረም፤ ወንዝ ያሻሸው ጠጠር የመሰለ ልሙጥ ጥቁር ነጠብጣብ ነበር። አንድም መስመር የለውም። ከጎኑ ባለው ውል ላይ ያለው አሻራ ግን እንደ ታረሰ ማሳ ትልሙ ይቆጠራል።

ያን ጊዜ ነው የሴትየዋን እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኖራ እየላጠ የበላው እጅ፤ ቆዳው ቀልቶ እንደ ብራና የተወጠረ፤ ከጥፍሩ ሥር ነጭ የደረቀበት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ቤቱ በስሟ እንዲመዘገብ አምስት ጊዜ አቤቱታ ጽፎላታል፤ አምስት ጊዜም መዝገብ ቤቱ መልሶባታል። እሱ ደግሞ አምስት ጊዜ፥ «እጅሽን ታጥበሽ ነይ፤ ደህና አድርገሽ ተጫኚ» ብሎ ቆጥቷታል። እጇን ግን አንድ ቀን እንኳ ገልብጦ አላየም።

የብረት ሳጥኑን ከፍቶ የተመለሱትን አምስት ወረቀቶች ጎልጉሎ አወጣ። በያንዳንዱ ግርጌ፤ በመዝገብ ቤቱ ሹም የእጅ ጽሕፈት፤ በቀይ ቀለም፥ «የአመልካቿ አሻራ መስመር የሌለውና የማይነበብ ስለሆነ አልተቀበልነውም» የሚል ሰፍሯል። የስጦታው ውል ቀን በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ይውላል። በኅዳጉ ላይ ያው እጅ፤ ያው ቀይ ቀለም፥ «አሻራው ግልጽና የተሟላ ሆኖ ስለተገኘ ተመዝግቧል» ይላል።

«ምን አዩ ጋሼ?»

«ሌባ አየሁ» አለ ጋሽ አንቀጽ። «በገዛ እጁ አምስት ጊዜ የመሰከረብሽ፥ አሁን ይመሰክርልሻል።»

ነገሩን አስረድቷት ሲጨርስ ሴትየዋ አላለቀሰችም። ባልዲዋን መሬት ላይ ዘጭ አደረገችውና፥ «እንግዲያው ይህ የማን ጣት ነው?» አለች። «ይጻፍልኝ! የማን ጣት እንደሆነ ይመርመርልኝ፥ ሰውየው በሰው ፊት ይጠራልኝ!»

ጋሽ አንቀጽም ጻፈ። አምስት ጥያቄ ለቤቱ፤ ስድስተኛውን ለእሷ፤ «በውሉ ላይ ያለው አሻራ የማን እንደሆነ፤ የመዝገብ ቤቱ ሹም ባለበት ተመርምሮ ይታወቅልኝ።» ንጹሕ ግልባጭ አዘጋጅቶ ሊያቆይላት፤ እሷም በማግስቱ መጥታ ጣቷን ልታኖር ተስማምተው ተለያዩ።

በማግስቱ ማለዳ የመዝገብ ቤቱ ሹም፤ ጫማው የሚያብለጨልጭ፤ ትሕትናው የሚያስፈራ ሰው፤ ከደረጃው ወርዶ በጠረጴዛው ፊት ቆመ። ወሬ እግር አለውና ደርሶታል።

«እንደምን አደርክ ጋሽ አንቀጽ። ዝናብ አይደርስብህም አይደል እዚህ?»

«አይደርስብኝም፥ ክቡርነትዎ።»

«መልካም። ስንቱ ይህችን ጥግ እንደሚመኛት ብታውቅ!» አለና የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ሄደ። የመታው በቀኝ አውራ ጣቱ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ጥግ የተቀመጠ ሰው፤ ጥግ ማጣት ምን እንደሆነ ያውቃል። ጋሽ አንቀጽ ብዕሩን አነሣ፤ አስቀመጠ፤ እንደገና አነሣ። «ቤቷ ከዳነ ይበቃታል» ሲል ለራሱ ነገረው፤ ፈሪ ሰው ለራሱ የሚነግረው ምክንያት ደግሞ ምንጊዜም የሌላው ሰው ጥቅም ነው። ስድስተኛውን ጥያቄ ሰረዘ፤ አምስቱን በንጹሕ ወረቀት ገለበጠ።

ሴትየዋ ከሥራ በፊት እየሮጠች መጣች።

«ሁሉም አለበት ጋሼ?»

«አለበት።»

ልሙጥ ጣቷን አምና ጫነች።

በስምንተኛው ቀን ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ዳኛው ከፍ ባለው ወንበር፤ የመዝገብ ቤቱ ሹም ዝቅ ብሎ በጎናቸው፤ እንጨት ነጋዴው ከነአዲስ ካፖርቱ በከሳሽ ቦታ ተሰየሙ። ጋሽ አንቀጽ ከኋላ፤ ከግድግዳው ተለጥፎ ቆመ። ሴትየዋን ሁለት ቀን ሙሉ «ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ፤ የቀረበብኝ ሰነድ ከእኔ የመነጨ ባለመሆኑ» እያለ ሲያስጠናት ሰንብቷል።

«ተናገሪ» አሏት ዳኛው።

«ጌታዬ፥ ያጠኑኝን ረሳሁት። ቀለም ያምጡልኝ።»

ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። ዳኛው ግን ቀለሙ እንዲመጣላት አዘዙ። ሦስት ጊዜ አተመች፤ ሦስቱም ጠጠር። ዳኛው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩ።

እንጨት ነጋዴው ብድግ አለ። «ክቡር ዳኛ፥ እንዳይታለሉ! ይች ሴት ጣቷን ሆን ብላ በድንጋይ ፍቃ ነው የመጣችው!»

«ፍቄ?» አለችና ጋሽ አንቀጽ የሰጣትን አምስት የተመለሱ ወረቀቶች ከጉያዋ አውጥታ አንድ በአንድ ከዳኛው ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። «ይሄ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ ያኔም ፍቄው ነበር? ይሄ የአምና ነው፤ ያኔም ፍቄው ነበር? ቤቴን እንደምትሰርቀኝ ያኔ ማን ነገረኝ፥ አንተ የወንድምህን ሬሳ ተሸክመህ ስታለቅስ የነበርክ ሰውዬ! ያንብቡት ጌታዬ፤ የጻፉት እኒህ ከጎንዎ ያሉት ናቸው!»

ዳኛው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። የመዝገብ ቤቱ ሹም ሁለት እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ። 

ፍርዱ አጭር ነበር፤ በውሉ ላይ ያለው አሻራ የተከሳሿ ስላልሆነ ውሉ ፈርሷል፤ ቤቱም የእሷ ነው። ሕዝቡ «እሰይ!» አለ፤ ዳኛው መዶሻቸውን መቱ። ሴትየዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ስድስተኛውስ፥ ጌታዬ?»

«ስድስተኛው ምን?»

«የማን ጣት ነው? እኒያ ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን የደበቁት ሰውዬ ቀለም ይምጣላቸዋ! በሕግ አምላክ፥ አይነሡብኝ!»

ዳኛው አቤቱታዋን ከፊታቸው ስበው በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ግርጌው ተመለከቱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የደከሙ ሰው ነበሩ፤ እረፍት ያገኙም መሰሉ። «አቤቱታሽ አምስት ጥያቄ ነው ያለው። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይፈርድም። መዝገቡ ተዘግቷል።»

ሴትየዋ ቀስ ብላ ዞረች፤ ዓይኗ በሰው መካከል አልፎ ከግድግዳው የተለጠፈውን ሽማግሌ አገኘው።

«ጋሼ፥ አለበት አላሉኝም?»

ጋሽ አንቀጽ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንሥቶ ወደ ወለሉ አቀረቀረ።

«እርስዎም?» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሱ በሌላ ሰው ጣት ሰረቀኝ፤ እርስዎ በገዛ ጣቴ።»

ባልዲዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ጠረጴዛው አልተመለሰችም፤ በደረጃው በኩል ስታልፍም ፊቷን አታዞርም ነበር። ጋሽ አንቀጽ ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ጣቱን ከመጫኑ በፊት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ያነብለት ጀመር፤ ባለጉዳዩ «ዕድሜ ይስጥህ» ብሎ ሲመርቀው ግን አሜን አይልም።

የዚያ ዘመን የመንግሥት ዜና መዋዕል ስለ አሻራው ትእዛዝ ሦስት ገጽ ጽፏል፤ ሐሰተኛ ውል እንዳጠፋ፤ የድኻውን ንብረት እንዳስከበረ ያትታል። የመዝገብ ቤቱ ሹም ሃያ ዓመት በቅንነት ስላገለገለ ተሸልሞ፤ ሥዕሉ በፍርድ ቤቱ አዳራሽ ተሰቅሏል፤ የተሰቀለበትን ግድግዳ ለበዓለ ሽልማቱ ነጭ አድርጋ የቀባችው ማን እንደሆነች የጻፈ የለም። ስለ ክርክሩ በመዝገብ የቀረው፥ «የስጦታ ውል ፈረሰ፤ ሌላ የተጠየቀ ነገር የለም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ጋሽ አንቀጽ ስድስተኛው ጥያቄ የተሰረዘበትን ረቂቅ እስከ ዕለተ ሞቱ በብረት ሳጥኑ አኑሮት ነበር፤ ሳጥኑን የወረሱት የወንድሙ ልጆች ግን ሳጥኑን ለዕቃ ማስቀመጫ ፈለጉትና፤ በወረቀቱ ምድጃ አቀጣጠሉበት።